የግማሽ ብርጭቆ አቤቱታ

መስከረም 10፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም ሻይ በግማሽ ብርጭቆ። ደብተሬ፣ እስቲ አንተ ፍረድ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሻይ በግማሽ የሚቀዳለት ባል ካለ ይምጣና አብረን እናልቅስ። ስኳሩ ያው፣ ቅርንፉዱ ያው። ሻዩ ግን የብርጭቆው ወገብ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ፉት ስለው ታች የተሳለችው አበባ ብቅ ትላለች። ለምን ስላት ዘሀራ ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች። ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ለትንሽ ዕቃ ሠራተኛ ትንሽ ሻይ ይበቃዋል ብላ ይሆናል።

ይህን አቤቱታ ለአንተ ብቻ አይደለም ያሰማሁት። በሥርዓቱ፣ አባጋር ፊት ተቀምጬ ከስሻለሁ።

አባጋሩ ታላቅ ወንድሜ አያ እንድሪስ ናቸው። አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ባለችው መንደራችን፣ ደም የተቃባ፣ ወሰን የተጋፋ፣ ትዳሩ የተናጋ ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ይመጣል። ከትናንት በስቲያ ወደ ሐይቅ የወረዱት እኔንና ዘሀራን ሊያስታርቁ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። እኔና ዘሀራ አልተጣላንም።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጃቸው ሰአዳ፣ የመንደሩ ት/ቤት አስተማሪ ናት፣ ባለፈው ወር ደውላ አለቀሰች። አባቷ እንደ ደረቀ እንጨት እየሆኑ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸው አጥሯል። በስንት ጭቅጭቅ ደሴ ወስዳ ለአንድ ሐኪም አሳይታቸው ነበር። ፓርኪንሰን ይመስላል፣ ግን እኔ አልቆርጥም፣ የነርቭ ስፔሻሊስት ይያቸው ብሎ ሪፈር ጻፈ። አያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በዚያው ጠፋ። ሁለተኛ ሐኪም ቤት ያለችኝ ልጄ አይደለችም አሉ።

ፓርኪንሰን። ስሙ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች ይመስላል። ሬዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ስልኬም ላይ ፈልጌ አነበብኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር።

አያን ታመዋልና ይምጡ ቢሏቸው አይመጡም። እርቅ አለ ከተባሉ ግን ከአልጋ ይነሳሉ። ስለዚህ ደወልኩና ዘሀራ ልትፈታኝ ነው አልኩ። በማግሥቱ ከተፍ። ዘሀራ ወሬውን የሰማችው ከአያ አፍ ነው፣ በር ላይ። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልጽፈውም፣ ወረቀትህ ይቃጠላል።

የመጀመሪያው ምሽት። አያ ሻይ አነሱ። ብርጭቆው ማስቀመጫው ላይ ተንቀጨቀጨ። ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ። በማግሥቱ ዘሀራ የሦስታችንንም በግማሽ ቀዳች። የእርሳቸው ብቻ ጎድሎ እንዳይታይ ነው።

አያ ተደላድለው ተቀመጡና፣ እሺ ይመር፣ ምን በደለችህ አሉኝ።

ለካ ሁሉን አሰናድቼ በደሉን ረስቼዋለሁ! ዓይኔ ብርጭቆው ላይ አረፈ። ሻይ በግማሽ ነው የምትቀዳልኝ አልኩ።

ከግቢ ለምለም ሣር ቆርጬ ሰጠኋቸው። የአያ ልማድ ነው፣ ከአባታችን የወረሱት። ከሳሽ ሣር ይሰጣል። ነገሩ እስኪያልቅ ሣሩ ኪሳቸው ውስጥ ይሰነብታል። እርቅ ሲወርድ ይበትኑታል። ክሱ ከንቱ ከሆነ ለከሳሹ መልሰው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ሣሩ ኪሳቸው ነው። እኔም መታረቅ የለብኝም። የነርቭ ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ መጣላት አለብኝ።


መስ. 11፣ እሑድ

ዘሀራ ከሰሰችኝ።

የውሸት ችሎት መሆኑን ረሳችው መሰለኝ። ወይም አልረሳችም፣ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። የሰዓት ጥርሶችን በዱቄት ወንፊቷ ማጠቤ። ሬዲዮ አልጋዋ ላይ ፈትቼ መበተኔ። በእናቷ ለቅሶ ላይ ሰው ማሳቄ። (ሰውየው ራሱ ነው የሳቀው፣ እኔ ስለ ፍየሉ ብቻ ነው ያወራሁት።) አያ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ወንፊቱን በአዲስ እንድተካ፣ አልጋው ላይ ሬዲዮ እንዳይወጣ ፈረዱ። ስለ ለቅሶው ደግሞ በሚቀጥለው ዱዓ ላይ ከበር አጠገብ እንድቀመጥ፣ ሳቅ ከመጣብኝ እንድወጣ።

በውሸት ክስ የእውነት ተፈረደብኝ። ዘሀራ ወጥ ስታማስል ታንጎራጉራለች።

አያ ግን አንድ ጊዜም አልሳቁም። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ሳቃቸው ከትከሻቸው ይጀምር ነበር። አሁን ፊታቸው ዝም ብሏል። ተቆጥተው አይደለም፣ ዓይናቸው ሲስቅ አየሁት። ፊታቸው ነው እንቢ ያለው። መንደሩ ግን ቁጣ ነው ብሎ ተርጉሞታል። ሰአዳ እንደነገረችኝ፣ ዛሬ ዛሬ ባላጋራዎች ይህን ፊት ገና ከሩቅ ሲያዩ እየተሳሳሙ ይጠብቋቸዋል። ድምፃቸው አንሷል፤ ይኸው ግርማ ሞገስ ነው ተብሎ ሰው አንገቱን አስግጎ ይሰማል።

ተስቢሁም አለ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ተስቢህ ከቀኝ እጃቸው አይለይም። በመንገድ፣ በለቅሶ፣ በእርሻ ዳር፣ አውራ ጣታቸው ፍሬዎቹን ይገፋል። አገሩ ማሻአላህ አለ። እኔ ደግሞ፣ አያ፣ ጀነትን ብቻዎን ሊከራዩት ነው ወይ፣ ለእኛም ጓዳ ቢጤ ይተዉልን እያልኩ አላገጥኩ።

ዛሬ ዙሁር ሰግደው ጋደም አሉ። ተስቢሁ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ጣቶቻቸው ግን ይገፋሉ። ባዶ አየር ይገፋሉ።

ወጥቼ ሱቄ በር ላይ ቆምኩ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ተመለስኩ። እንደገና ወጣሁ።


መስ. 12፣ ሰኞ፣ ማታ

ደሴ ነበርኩ። አያን የሰዓት ባትሪ ልገዛ ነው ብያቸው።

ሆስፒታል። ካርድ ክፍል። ሰልፉ እንደ ገበያ። የነርቭ ስፔሻሊስት ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ፣ ሁልጊዜም እንደማይመጣ፣ ሲመጣም ወረፋው አስቀድሞ እንደሚሞላ ሰማሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሪፈር አሉኝ። የለኝም። እንግዲያው ታማሚው ራሱ ይቅረብ አሉ።

ታማሚው እኔ ነኝ አልኩ።

ቀኝ እጄን አወጣሁና አንቀጠቀጥኩት። አሳምሬ ነው ያንቀጠቀጥኩት። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች፣ ኧረ እኚህን አባት ያሳልፏቸው እያሉ አዘኑልኝ። ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ጠና ያለች ሲስተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችኝ። አየችኝ። እጄ መድከም ጀመረ።

“አባት፣ ይብቃዎት” አለች። “የእውነት የሚንቀጠቀጥ ሰው እጁን ይደብቃል። ኪሱ ይከተዋል፣ ጋቢ ሥር ይቀብረዋል። እርስዎ ልክ እንደሚሸጥ ዕቃ ያሳዩኛል።”

ደብተሬ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ግን ያሳፈረኝ መያዜ አይደለም። ተስቢሁ ነው ፊቴ የመጣብኝ። እኔ ጀነት ስል፣ አያ እጃቸውን ሲደብቁ ኖረዋል።

እውነቱን ነገርኳት። የውሸት ጠቡን፣ የሻይ ብርጭቆውን፣ ሁሉን። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ መሳቋን ተወች። መድኃኒት እየወሰዱ ነው ወይ አለችኝ። የነርቭ ቫይታሚን አልኩ፣ ጎረቤት የመከራቸው። ራሷን ነቀነቀች። ይህ በሽታ ጨርሶ ባይድንም የሚያላውስ መድኃኒት አለው፣ ግን መጠኑና ሰዓቱ ለያንዳንዱ ሰው ይለካል፣ በግምት አይሰጥም፣ የሚለካው ሐኪም ደግሞ አንድ ነው። እንደ ሰዓት ነው አልኩ። እንደ ሰዓት ነው አለች።

ቀጠሮ ሰጠችኝ፦ ሐሙስ መስከረም 22፣ ጠዋት። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ መቼ እንደሚመለስ እርሷም አታውቅም።

በር ላይ ስደርስ ጠራችኝ። ራሳቸውን ይዘው ይምጡ፣ ምትክ አንቀበልም አለች።


መስ. 13

ዛሬ አንድ ነገር አገኘሁ!

አያ የጓዳው በር ላይ እግራቸው ተያዘ። ደፉ ላይ ደርሰው ቀጥ። ጫማቸው ከመሬት የተሰፋ ይመስል። ሊሄዱ ይፈልጋሉ፣ ደረታቸው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግራቸው እንቢ ይላል። ብደግፋቸው እጄን መቱት። ምን ላድርግ፣ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፣ ቀልድ ከማድረግ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። የዘሀራን ትሪ አነሳሁና ልጆች ሆነን በመውሊድ የምንሰማውን መንዙማ እየመታሁ ማዜም ጀመርኩ። ድምፄ እንደ ተሰበረ ሬዲዮ ነው።

እግራቸው ተነሳ። በምቱ ልክ። አንድ፣ ሌላ፣ ደፉን ተሻገሩ፣ ምንጣፉ ድረስ ሄዱ። ቀጥለው ዞር አሉና “አንት ቀላጅ፣ ዜማውን ግን አበላሸኸው” አሉኝ።

ዘሀራ ትሪዋን ነጠቀችኝ። ማጨብጨብም ይሠራል። ሞከርነው። ይሠራል።

እስከ ማታ ደስ ሲለኝ ዋለ። ማታ ደግሞ ይህ ደስታ ምኑ ነው አልኩ። አሥር ቀን እንኳ አልቀረም። ሐሙስን እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?


መስ. 14፣ ረቡዕ

አያ ሰዓታቸውን አመጡልኝ። ይሮጣል፣ አስተካክለው አሉ። አዛን ሲባል ተነስቼ ውዱእ አድርጌ የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፌ ስጨርስ ጀመዓው ሰግዶ ይበተናል፣ ይህ ሰዓት እየሮጠ ጉድ ሠራኝ አሉ።

ከፈትኩት። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ከሬዲዮ ጋር አስተያየሁት። ሰዓቱ ደህና ነው። አንዲት ደቂቃ አይሮጥም፣ አይዘገይም።

ይህን ሰው እኔ ነኝ የማውቀው። አባታችን ሲሞቱ ሕፃን ነበርኩ። አልቅሼ አላስቀምጥ ስላቸው አያ ከገበያ የተሰበረ ሰዓት አምጥተው እጄ ላይ ጣሉልኝ። ፈታሁት። መልሼ መግጠሙን እስክማር ዓመታት ሄዱ። አስተማሪ አልነበረኝም፣ አንድ ሰዓትና አንድ ወንድም ብቻ ነበረኝ። እንጀራዬ የወጣው ከዚያ ነው።

ሰዓቱን ዘጋሁት። ወለወልኩት። እውነትዎን ነው፣ ትንሽ ይሮጥ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ አልኳቸው።

አመሰገኑኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ረጋ ብለዋል። ትንሿ ጣቴ ተንቀሳቀሰች እንዴ? አልተንቀሳቀሰችም። ተንቀሳቀሰች። ተወው!


መስ. 15፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ተበላሸ። ሁሉም ተበላሸ።

ጠዋት የመጪውን ሐሙስ ቀጠሮ ልነግራቸው ወስኜ ነበር። ቀደሙኝ። ችሎቱን ዛሬ እንዝጋው አሉ። ዘሀራን ጠሩና ቅጂ፣ እንዴት እንደምትቀጂ ልይ አሏት። ዘሀራ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሳች፣ እጇ ለምዶ፣ ሦስቱንም በግማሽ ሞላች። አያ ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አሰለፏቸው። እኩል። ሦስቱም እኩል።

ከዚያ በዚያች በቀጠነች ድምፃቸው፦

“ባሏን የተቀየመች ሴት የባሏን ታጎድላለች። የእንግዳዋን ታጎድላለች? የራሷን ታጎድላለች?”

ዘሀራ መሬት አየች። እኔ ጣሪያ።

“ይመር፣ አንተን አልበደለችህም። ለእኔ አዝናልኛለች። ሁላችሁም ጉሮሯችሁን አስርባችሁ ልትሸፍኑኝ።”

ቀልድ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣሁ። ስለ ሐሙስ ነገርኳቸው። እዚያው፣ በመጥፎ ሰዓት፣ እየተንተባተብኩ። ሐኪሙን፣ ሲስተሯን፣ ቀጠሮውን። ባልናገር ይሻል ነበር።

አባጋር ፊት በውሸት ሣር ሰጠኸኝ አሉ። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ደሴ ድረስ ሄደህ ነገርክ? አባጋር እጁ ከተንቀጠቀጠ ፈራ ይባላል። የፈራ ሰው ደም አያበርድም። ይህን እያወቅህ ነው? ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ማድረግ አይችሉም። ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር።

አንድም አልጠጣንም። ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ።


መስ. 16፣ አርብ

ሄደዋል። ጎህ ሲቀድ። ዘሀራ ለሶላት ስትነሳ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ ጋቢው የለም። መናኸሪያ ሮጥኩ። የውጫሌው መኪና ወጥቷል።

ሰአዳ ደወለች፣ ደርሰዋል። አያናግሯትም። እርሷም የሤራው አባል ናት ብለዋል። ናትም።

ማታ የጎረቤቶቻችን ደመራ ተለኮሰ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይጨፍራል። ጎረቤቴ ሞላ፣ ዓሣ ነጋዴው፣ ና እንጂ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልክ፣ ታመምክ ወይ አለኝ። ሰው ዝም ካልኩ ይደነግጣል። አንድ የአህያ ተረት ነገርኩትና ሸኘሁት።

ዘሀራ አንድ ነገር አስተዋለች። ሣሩ። ምንጣፉን አራግፋ አየች፣ መደቡን አየች፣ በሩን አየች። የለም። አልመለሱልኝም ማለት ነው። ክሱን አልጣሉትም ትላለች። እኔ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ረስተውት ነው እላለሁ።

አልረሱትም አለች። አያ እንድሪስ ሣር አይረሱም።


መስ. 18

አንድ የእጅ ሰዓት ሦስት ጊዜ ገጠምኩና ሦስት ጊዜ ፈታሁ። ደንበኛው ቆሞ ያየኛል። ነገ ና አልኩት። ነገ አለኝ፣ ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር አለ።

አያ ስልክ አያነሱም። ሰአዳ እንደምትለው ትናንት ሁለት ወንድማማቾች በውሃ ተጣልተው መጡ። አያ በሩ ላይ ቆሙ፣ ደፉን መሻገር አቃታቸው። ሰዎቹ፣ አባጋሩ ሊያናግሩን አልፈቀዱም ብለው ደነገጡና እዚያው ግቢ ውስጥ ታረቁ። መንደሩ ታምር አለ። ሰአዳ ከውስጥ ሆና ታለቅስ ነበር። ማጨብጨቡን ነግሬያታለሁ፣ ግን ሰው ፊት እንዴት ላጨብጭብላቸው አለች።

መሳቅ አማረኝ፣ አልወጣም።


መስ. 20፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት

መኪና የለም። አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ ጎማ ያለው ሁሉ ግሸን ወጥቷል። ነገ ማርያም ናት። መናኸሪያው ባዶ፣ ሁለት ፍየሎችና እኔ። ወደ ውጫሌ የሚሄድ ስል ሰው ይስቅብኛል። ከራያ በኩል የሚመጡት ወደ እኛ ይወርዳሉ እንጂ የሚወጣ የለም።

ወደ ደሴ ግን አገኘሁ። ሞላ ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ዓሣ ጭኖ ይሄዳል። ጋቢናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለው። ሐኪሙ ዓሣ ዓሣ እየሸተትን ብንገባ ምን ይለን ይሆን አልኩት። እኔስ ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ ሚስት አግብቼ የለ አለ። ግን አንድ ነገር ይመር፣ አልጠብቅም። እኔ ብጠብቅ ዓሣው አይጠብቅም።

ለአያ ቦታ አለ። ሐኪም አለ። ቀን አለ። አያ የሉም።


እንደገና፣ ከመግሪብ በኋላ

ደወልኩ። በሰአዳ ስልክ አያ ራሳቸው አነሱ፣ እኔ መሆኔን ሳያውቁ።

የመጀመሪያው ዕቅዴ ዘሀራ አሁን የሻዩን ሩብ ብቻ መቅዳት ጀመረች ማለት ነበር። አፌ ላይ ነበር። ሲስተሯ ትዝ አለችኝ። እጁን የሚያሳይ ሰው። እኔ ቀልዴን ነው የማሳየው፤ ሥሩ ያለውን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

አያ፣ ፈርቻለሁ አልኳቸው።

በቃ። ይህን ብቻ። ዘሀራ አልበደለችኝም፣ ፈሪው እኔ ነኝ፣ ሰዓትዎም አልሮጠም ነበር፣ ደህና ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ አልኩ። ሐሙስ ንጋት መኪና አለ አልኩ። ሌላም ልል ነበር።

ወዲያ በኩል ዝምታ። ትንፋሽ ይሁን ነፋስ አላውቅም። አያ? አያ? ሃሎ? ኔትወርኩ ሄዷል። መቼ እንደሄደ አላውቅም። የሰሙት የቱን ነው? ፈርቻለሁ ያልኩትን? ወይስ ምንም?

ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ። አይሠራም።

ዘሀራ አጠገቤ ቁጭ አለች። አላሾፈችብኝም። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።


መስ. 21፣ ረቡዕ፣ 12 ሰዓት ተኩል

ቀኑን ሙሉ ስልክ የለም። ሰአዳም አትገኝም። ጠዋት መናኸሪያ፣ ቀትር ላይ መናኸሪያ፣ ከአስር ሶላት በኋላ መናኸሪያ። ፍየሎቹ ለመዱኝ። በእግር ልውጣ አልኩ፣ ዘሀራ፣ ጉልበትህን ታውቀዋለህ፣ መንገድ ላይ ወድቀህ ሁለት ታማሚ ታደርገናለህ አለች። ልክ ናት። ልክ ስትሆን ደስ አይለኝም።

ሞላ አሁን መጥቶ ጠየቀ። እንደዚያው ነኝ አልኩት። 11 ሰዓት አለ። አውቃለሁ አልኩ። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ሄደ።

ውሳኔ። ጻፍ ደብተሬ፣ ነገ እንዳልክድ። አያ ባይመጡም በዓሣው መኪና እሄዳለሁ። እጄን ሳላንቀጠቅጥ። ሲስተሯ ፊት እቀመጣለሁ፣ ምትክ አንቀበልም ትበለኝ፣ ሐኪሙ እስኪወጣ በር ላይ እቆማለሁ። ቀጣዩ መቼ ነው እለዋለሁ። መንደራችን ድረስ መንገድ አለ፣ መኝታ አለ፣ ዓሣም አለ እለዋለሁ። ካልሆነ አዲስ አበባ ድረስ። አያን በትከሻዬ ብሸከም እንኳ። እርሳቸው ተሸክመውኛል። ከዚያ ደግሞ ወደ አምባሰል ወጥቼ ሣሬን መልሱልኝ እላቸዋለሁ፣ በአደባባይ፣ ዋሽቼ ነበር ብዬ፣ ሰው ሁሉ

በር ይንኳኳል።

ሞላ መስሎኝ ነበር። ሞላ አይደለም። ሞላ ሁለት ጊዜ መትቶ ስሜን ይጠራል። ሰው ሲያንኳኳ መትቶ ያቆማል። ይኼ አያቆምም። የቆርቆሮው በር ለራሱ የሚያወራ ይመስላል፣ ትርርርር፣ ያለማቋረጥ፣ እጅ አርፎበት።

እጃቸውን አልደበቁም።

ዘሀራ ከጓዳ ማነው ትላለች። ብርጭቆ አውጪ አልኳት። ሦስት። ሦስቱንም በግማሽ።

መጣሁ አያ! አይግፉት፣ ደፉ ከፍ ይላል፣ እዚያው ይቁሙ፣ እያጨበጨብኩ